ከአረፋ እስከ አረፋ፦ የእናታችን የእንሰት ጓሮ

መርካቶ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ዓመቱን በሁለት ነገር ይቆጥራል፤ በዕቃ ቆጠራና በአረፋ። እኛም ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህታችን ኑሯችንን አዲስ አበባ ካደረግን ጀምሮ ወደ ተወለድንበት ቤት የሚመልሰን የዒድ አል-አድሐ በዓል ብቻ ነበር። ሌላው ጊዜ ንግድ ነው፣ የልጆች ትምህርት ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። አረፋ ሲደርስ ግን ሱቁ ይዘጋል፤ ስኳርና ዘይት ይሸመታል፤ ለእናት ሻሽ፣ ለጎረቤት አዛውንት ኩታ ይያዛል፤ ከዚያም በማለዳ ጉዞ ይጀመራል።

መንገዱን ብዙ አንባብያን ያውቁታል። ዓለም ገናን አልፎ፣ አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ ተሻግሮ፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች በስተጎን ትቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ቡታጅራ ላይ ያደርሳል። ከቡታጅራ ወዲያ ወደ ወራቤ ሲታለፍ በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች በሰፋፊ ቅጠሎች ተከበው ጣሪያቸው ብቻ ይታያል። እንሰት ነው። የእኛም ቤት ከቅበት ከተማ ወጣ ብሎ፣ በስተምዕራብ ወዳለው ተራራ ግርጌ በሚገኝ መንደር ውስጥ ነው። አካባቢው ቀድሞ በጉራጌ ዞን ሥር ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የስልጤ ዞን ሆነ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። የአስተዳደሩ ስም ሲለዋወጥ የእናታችን ጓሮ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

እንሰትን በቅርብ ላላዩ አንባብያን ጥቂት እንበል። ተክሉ ሲያዩት ሙዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚፈለገው ለፍሬው አይደለም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ግንዱ ተፍቆ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው፤ ከፍቂው የሚተርፈው ጭረት ደግሞ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይሠራበታል። ቅጠሉ ሳህን ነው፣ መጠቅለያ ነው፣ ለከብት መኖ ነው። በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ተክል ላይ እንደሚተማመን ይነገራል። ይሁንና እንሰት የአንድ ዓመት ሰብል አይደለም። በእኛ መንደር ከችግኝነቱ እስከ መቆረጫው ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የእንሰት ጓሮ ያላት ሴት የምታቅደው ለዘንድሮ ሳይሆን ለዛሬ ስድስት ዓመት ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ዕቅድና እኛ ልጆቿ ሳናውቅ ስላበላሸንበት ሁኔታ ነው።

ጨረቃና ፀሐይ

ጓሮው በፀሐይ ይሄዳል። በልጉም፣ ክረምቱም፣ በጋውም ወራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። አረፋ ግን የሚቆጠረው በጨረቃ ነውና በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል፤ 33 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥም ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ በአረፋ ብቻ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ለተከታታይ ዓመታት ጓሮውን የሚያየው በአንድ ወቅት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ከዚያ በፊት ያለውን ወቅት ያያል። ከመጋቢት ወደ ጥር፣ ከጥር ወደ ኅዳር፣ ከኅዳር ወደ መስከረም። እኛ የእናታችንን ጓሮ ዓመት የተማርነው እንዲህ ወደ ኋላ እየቆጠርን ነው። መጽሐፍን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚገባው አንባቢ ይፍረድ።

መጋቢት 1992

የዚያ ዓመት አረፋ በመጋቢት መግቢያ ዋለ። አባታችን በሕይወት ነበሩ። የበልግ ዝናብ መሬቱን ገና ማለስለስ ሲጀምር ደረስን። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አባታችን ዶማቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ችግኝ የሚዛወርበት ጊዜ ነበርና።

እንሰት አንድ ቦታ ተተክሎ አያረጅም። ከእናቱ ሥር የበቀለው ችግኝ ከዓመት በኋላ ተለይቶ በአንድ ቦታ በጠባቡ ይተከላል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ሌላ መደብ ተዛውሮ ሰፋ ተደርጎ ይተከላል። በመጨረሻም ከአንዱ እስከ ሌላው ሁለት ሜትር ያህል ተራርቆ እስኪቆረጥ የሚኖርበትን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ደህና ጓሮ ሲታይ እንደ ደረጃ ነው፤ በአንድ በኩል ጉልበት የማይደርስ ችግኝ፣ ቀጥሎ የወገብ ቁመት፣ ቀጥሎ ከሰው የሚበልጥ፣ በመጨረሻ ከጣሪያ በላይ የሆነ። ከላይኛው ደረጃ በየዓመቱ ሲቆረጥ ከታች ያለው አንድ እርከን ይወጣል፤ በባዶው የታችኛ ቦታ አዲስ ችግኝ ይገባል።

አባታችን እየቆፈሩ፣ እናታችን ፍግ በቅርጫት እያመላለሱ ሳለ እኛን ጠሩን። «ኑ፣ እኔ አፈሩን ስመልስ ችግኙን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙልኝ» አሉን። እኛ የበዓል ልብስ ለብሰን ነበር። ጫማችንን ተመለከትን። «አባባ፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው» አልናቸው። አልተቆጡም። ችግኙን በጉልበታቸው ደግፈው አፈሩን ራሳቸው መለሱ።

ጥር 1998

በዚህ ዓመት በዓሉ የጥር መባቻ ላይ ነበር። በጋ ነው፤ መንደሩ አቧራ ለብሷል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከተማ ያደገች የወንድማችን ሚስት «ይህ ጊዜ ለጓሮ ሥራ የሌለበት ነው» ብላ ነበር። እናታችን ሳቁ። «ለጓሮ ሥራ የሌለበት ጊዜ እኔ አላገኘሁም» አሉ።

እንሰት እንዴት እንደሚራባ በዓይናችን ያየነው በዚያ ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ጤነኛ ተክል ተመርጦ ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ የመሀሉ ቡቃያ በቢላዋ ተፈንቅሎ ይወገዳል። ይህ ካልተደረገ ተክሉ እንደገና አንድ ሆኖ ይበቅላል እንጂ አይበዛም። ከዚያ ሥሩ በተዘጋጀ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ይሸፈናል። ዝናብ ሲያገኝ ከዳርና ዳሩ ችግኝ ያፈልቃል። ከአንድ ሥር ከ40 በላይ፣ ሲመቸውም እስከ 200 ችግኝ ሊወጣ ይችላል።

እናታችን የትኛውን ሥር እንደሚቀብሩ ሲመርጡ በጓሮው ውስጥ ብዙ ዞሩ። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለን። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ዝርያ በስሙ ያውቁታል፤ ይህኛው ቆጮው ይነጣል፤ ያኛው ለአሚቾ ይጣፍጣል፤ ይህ ድርቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ ቃጫው ረጅም ነው። «አንድ ዓይነት ብቻ የሚተክል ሰው አንድ ዓይነት ክፉ ቀን ብቻ የሚመጣ መስሎት ነው» አሉን። ቃሉን ወደድነው፤ አዲስ አበባ ተመልሰንም ለጓደኞቻችን አወራነው። ከማውራት ያለፈ ግን አልሠራንበትም።

ኅዳር 2003

አባታችን ከዚህ በፊት ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይማራቸው። የኅዳሩ አረፋ እናታችን ብቻቸውን ሆነው የተቀበሉን ነው።

ኅዳር የፍቂ ጊዜ መጀመሪያ ነው። የደረሰ እንሰት የሚታወቀው አበባው ብቅ ሊል ሲል ነው፤ ካበበ በኋላ ብዙ ከቆየ ጉልበቱን ይጨርሳል። የጎረቤት ሴቶች ተሰባስበው አንድ ቀን የአንዷን፣ ሌላ ቀን የሌላዋን ይፍቃሉ። ግንዱ ልጡ እየተገነጠለ በሳንቃ ላይ ይዘረጋል፤ በቀርከሃ መፋቂያም ይፋቃል። ሥሩ ይከተከታል። ሁሉም ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይከተትና ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይብላላል። እየተገላበጠና ቅጠሉ እየተለወጠለት ለወራት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከዓመት በላይ ይቀመጣል። ጎተራ ከላይ ቢቃጠል፣ ገበያ ቢወደድ ጉድጓዱ አለ። በ1977 ዓ.ም. የአገራችን ሰሜን በረሃብ ሲመታ የእንሰት አገር ያን ያህል ያልተጎዳው አንደኛው ምክንያቱ ይኸው መሆኑ ይነገራል።

በበዓሉ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ አተካና ሆኖ ቀረበ፤ ሥጋው በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ተከመረ። ጠግበን ቡና ስንጠጣ ስለ እናታችን ኑሮ መመካከር ጀመርን። አባታችን የሉም፤ የሚቆፍር ሰው በገንዘብ ይቀጠራል፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከእኛ መካከል አንዱ መልሱን አገኘው። ጫት። ስለ ጫት የሚባለውን አንባቢ ያውቀዋልና እዚህ አንመለስበትም፤ የምናወራው ስለ መሬቱ ብቻ ነው። «እማዬ፣ እነዚህ የወገብ ቁመት ያላቸው እንሰቶች ገና ሦስት ዓመት አይደርሱም። ነቅለን ጫት ብንተክልበት በሁለት በሦስት ዓመት ብር ያገኛሉ። ትልልቆቹ እንሰቶች እንደሆኑ ይበቁዎታል» አልናቸው።

እናታችን ትልልቆቹን አዩ፣ ትንንሾቹን አዩ። «ልጆቼ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው እኮ ትልልቆቹ የሚሆኑት» አሉ። እኛ ሳቅን። ከተማ ያለ ሰው፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው፣ አራት ሆነን በአንድ አሮጊት ላይ ተነሣንባቸው። በማግሥቱ ሁለት ቀን ሠራተኛ ቀጥረን አንዱን እርከን ሙሉ በሙሉ አስነቀልነው።

መስከረም 2007

አረፋው በመስከረም መጨረሻ ሲሆን መንደራችን ምን ያህል ያምር ነበር! ክረምቱ ወጥቷል፤ አደይ አበባ ፈንድቷል፤ የበቆሎ እሸት ደርሷል፤ ከእንሰቱ ሥር የተዘራው ጎመን ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ጫቱም ደርሶ እናታችን ከእርሱ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል። በምክራችን ኮራን።

ማታ ከመግሪብ በኋላ እናታችን በጓሮው ዳር ይዘውን ሄዱ። መስከረም የአረምና የቆጠራ ጊዜ ነው አሉን። በእጃቸው እያመለከቱ «ይህ የዘንድሮ ነው። ይህ የከርሞ ነው። ያ ደግሞ...» ብለው ዝም አሉ። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ከሆነው ተክል ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ጫት ነው፤ ከጫቱ ወዲያ ጉልበት የማይደርሱ ችግኞች ናቸው። ደረጃው መሀሉ ተሰብሯል። አራት ዓመት ሙሉ አንዳችንም አላየነውም። ሊታይም አይችልም ነበር። ከእንሰት ጓሮ አንድ ዓመት ብትወስድበት ጉድለቱ የሚታየው በወሰድክበት ዓመት አይደለም፤ ዕዳው የሚጠየቀው ቆይቶ ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ የደረሰ ችግኝ ገዝተን እንተክላለን» አልን። እንዳልነውም አደረግን። አዲስ አበባ ሆነን በስልክ አዘዝን። በመጋቢት ከሌላ ወረዳ በጭነት መኪና የመጡ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው ችግኞች ተተከሉ። ከማን ጓሮ እንደመጡ፣ ያ ጓሮ ጤነኛ ይሁን አይሁን የጠየቀ አልነበረም።

ነሐሴ 2010

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በዋለው አረፋ ስንሄድ ዝናቡ ከቡታጅራ ጀምሮ እስከ ደጃችን ተቀበለን። ነሐሴ በገጠር የሚያስቸግር ወር ነው፤ የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው አልደረሰም። የእንሰት ቤት የሚመካው በዚህ ወር ነው፤ ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ቆጮው ይወጣል፣ ጎመኑ ከጓሮ ይቀነጠሳል።

ምሳ ቀረበ። ቆጮውን ቀምሰን እርስ በርሳችን ተያየን። ጣዕሙ የእናታችን አልነበረም። እህታችን ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። እናታችን ወደ ጎን ዞረው፣ «ከገበያ ነው» አሉ። በእንሰት አገር ላለች እናት በአረፋ ቀን ለልጆቿ የገበያ ቆጮ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እኛን አንድም ቃል አልወቀሱም። እኛም ቀና ብለን አላየናቸውም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያልደረሰ የአራት ዓመት እንሰት እየቆረጡ እንደነበረ የሰማነው ከጎረቤት ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም። ከተገዙት ችግኞች መካከል አንዱ የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ ነበር። ምንም አልመሰለንም። በበዓሉ ዋዜማ እህታችን ለሥጋ ማስቀመጫ ቅጠል ስትቆርጥ፣ ከዚያ ከጠወለገው ጀመረች፤ በዚያው ቢላዋ ወደ ደህናዎቹ አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት ስንመጣ አሥራ አንድ እንሰት ጠውልጎ ቆሞ አገኘን።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ የአንዱን ግንድ በአግድም ቆረጠው። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ቦታ ቢጫነት ያለው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ወጣ። «አጠውልግ ነው» አለ። ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ በአገራችን እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለውም። ዋና መተላለፊያው የሰው እጅ ነው፤ ያልጸዳ ቢላዋ፣ ያልጸዳ ዶማ፣ ከታመመ ጓሮ የመጣ ችግኝ፣ የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው የሚሄድ ከብት። ባለሙያው እንዳዘዘን የታመሙትን ከነሥራቸው ነቅለን፣ ከጓሮው አርቀን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናቸው። መሣሪያውን ሁሉ በእሳት ለበለብን። በዚያ ቦታ ላይ እንሰት እንዳይተከል፣ ይልቁንም ድንች፣ ጎመንና በቆሎ እየተፈራረቀ እንዲዘራበት ነገረን።

እህታችን በዚያ ቀን አለቀሰች። እናታችን «ቢላዋው የእኔ ነው፣ ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ» ብለው እቅፍ አደረጓት። ጥፋቱ ግን ከቢላዋው በፊት የጀመረ መሆኑን አራታችንም እናውቅ ነበር።

ዓመቱን ወደ ፊት ማንበብ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ነገር ተስማማን። አረፋን ብቻ አንጠብቅም። ከአራታችን አንዱ በየተራው ሱቁን ለሌላው አደራ ብሎ በጥር አንድ ሳምንት፣ በመጋቢት አንድ ሳምንት ይሄዳል። የጫቱን ግማሽ ነቀልን። እናታችን ከሁሉም የተረፈውንና ጤንነቱን የሚያውቁትን ሥር መርጠው በጥር አስቀበሩን። በዚህ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የጓሮውን ዓመት ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን በደንቡ ተማርነው። ለእናንተም እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደረሰው ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ይገባል። በጥር ለዘር የተመረጠው ሥር ይቀበራል፤ የአምናው ችግኝ ከእናቱ ይለያል። ከየካቲት እስከ መጋቢት የበልግ ዝናብ ሲገባ እያንዳንዱ እርከን ወደሚቀጥለው ይዛወራል፤ ፍግ ይሰጠዋል። በሚያዝያና በግንቦት በችግኞቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ጎመን፣ ድንችና በቆሎ ይዘራል፤ ተክሉ አድጎ ጥላው ሲከብድ ይህ ይቀራል። በሰኔና በሐምሌ የቡና ችግኝ ይተከላል፤ ውኃ እንዳይተኛ ቦይ ይወጣል፤ ፍልፈልና ጃርት ሥሩን እንዳይበሉ ይጠበቃል። በነሐሴ ጉድጓዱ ይከፈታል። በመስከረምና በጥቅምት አረም ይታረማል፣ ደረጃው ይቆጠራል። የጎደለ እርከን ካለ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነውና በጥር ምን ያህል ሥር እንደሚቀበር የሚወሰነውም ያን ጊዜ ነው።

የጓሮው አቀማመጥም የራሱ ዕቅድ አለው። እንሰቱ ለቤቱ ይቀርባል፤ የከብቱ ፍግ በየማለዳው የሚወጣው ከቤት ነውና ሸክሙ እንዳይርቅ። ጎመኑና ቅመሙ ከደጃፍ አይርቅም፤ ድስት ተጥዶ ሳለ ዘልቆ የሚቀነጠስ ነውና። ቡናው ከእንሰቱ ጥላ ሥር ይገባል። ባሕር ዛፍ ከጓሮ ይርቃል፤ ውኃውን ይሻማልና።

አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ ጅማም ሆነ ድሬዳዋ ላይ ጥቂት ካሬ ቦታ ያላችሁ አንባብያን «እንሰት የለን፣ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው። ጎመን ወይም ሰላጣ ስትዘሩ ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ፤ አንድ መደብ ዛሬ፣ ሌላውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝሩ። አለዚያ በአንድ ሳምንት ተትረፍርፎ በሌላው ወር ባዶ ይሆናል። የሐበሻ ጎመንን ከነሥሩ አትንቀሉት፤ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ብትበሉ ለብዙ ወራት ይመግባችኋል። ጤና አዳምና በሶብላ ለደጃፍ ይሁኑ። ችግኝ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የታመመ ተክል የነካውን ቢላዋና መቀስ ሳታጸዱ ወደ ሌላው አትውሰዱ። ሳሙና ያልነካው የውዱእ ውኃ በከንቱ ወደ ቦይ አይሂድ፤ በቀን አምስት ጊዜ ለቤተሰብ የሚፈስሰው ውኃ ተጠራቅሞ አንድ መደብ ጎመን በበጋ ያቆያል። እናታችን ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ያደርጉት ነበር፤ የምንታጠበው ከቡናው ሥር ነበር።

ግንቦት 2017

ያለፈው ዓመት አረፋ በግንቦት ማብቂያ ላይ ዋለ። እኛ ወደ ኋላ ስንቆጥር የጀመርንበት መጋቢት ጋ ለመድረስ ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል ይቀረናል። የልጆቻችን ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ቆጠራ ይጀምራሉ።

እናታችን አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ከአስር ሶላት በኋላ ወንበር አውጥተንላቸው ጓሮው ዳር ተቀመጡ። በ2012 ከተቀበረው ሥር የወጡት እንሰቶች ከሰው ቁመት አልፈዋል፤ የመጀመሪያዎቹ በ2019 ይደርሳሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ የወገብ ቁመት፣ ከዚያ የጉልበት ቁመት። የተሰበረው ደረጃ ተጠግኗል ማለት ይቻላል፤ የተቀበሩት ተክሎች የነበሩበት ቦታ ግን አሁንም ድንች ነው።

በጥር ወንድማችን የተከላቸውን ችግኞች በምርኩዛቸው እየነካኩ ቆጠሩ። ጥቂቶቹ ጠማማ ቆመው ነበር። ከልጆቻችን አንዱን ጠርተው «ና፣ ይህን ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ» አሉት። የበዓል ልብስ ለብሶ ነበር። እኛን አየን። አባቱ «ሂድ፣ ይታጠባል» አለው። ልጁ ተንበርክኮ ያዘ፤ አባቱ አፈሩን መለሰ።

«እማዬ፣ እነዚህ ትንንሾቹ መቼ ነው የሚደርሱት?» ብለን ጠየቅናቸው። በጣታቸው ቆጥረው «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት» አሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን ማለታቸው ነው። ማን እንደሚበላው አልጠየቅናቸውም፤ ዝም ማለታችን ግን ገብቷቸዋል።

«የመጣ ይበላዋል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «የሚመጣው አረፋ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። በግንቦት አጋማሽ ገደማ መሆኑን ነገርናቸው።

«ግንቦት ለበዓሉ ደግ ነው። እናንተ ግን በጥር ኑ» አሉን።